ትንሽ የአናጢ ቤት እንዴት ታተርፋለች?

መግቢያ

በገጠር የኖረ ሰው ሁሉ በጥቂቱ አናጢ ነው። ገበሬው ሞፈሩን ይጠርባል፤ ቀንበሩን ያስተካክላል፤ እርፉ ሲሰበር ሌላ ይለውጣል። ቤት ሲሠራ ማገሩን ይማግራል፤ በሩን ይገጥማል። ቡና የምንወቅጥበት ሙቀጫና ዘነዘና፣ እንግዳ የምናስቀምጥበት በርጩማ፣ ሽማግሌ የሚተኛበት የጠፍር አልጋ፣ ሁሉም ከእንጨት የተሠራ ነው። ከእንጨት ጋር የማይገናኝ ቤት የለም።

አማኑኤል በምሥራቅ ጎጃም የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ዋና መንገድ በውስጧ ያልፋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ባሕር ዛፍ በየጓሮው አለ። ቤት የሚሠራም ሰው አለ፤ ዕቃ የሚጫንበት መንገድም አለ። ታዲያ በጓሮው የአናጢ ቤት የከፈተ ሰው ሁሉ ለምን አያተርፍም?

ብዙዎቻችን «ማሽን ስለሌለኝ ነው» እንላለን። ማሽን ይጠቅማል፤ አይጠቅምም አንልም። ነገር ግን ማሽን ያለውም ሲከስር አይተናል፤ በእጅ መጋዝ የሚሠራውም ልጆቹን ሲያስተምር አይተናል። ትንሽ የአናጢ ቤት የምታተርፈው በሦስት ነገሮች ነው። እነሱም ደረቅ እንጨት፣ የተሳለ መሣሪያና የተጻፈ ሒሳብ ናቸው። በዚህ ትምህርት እነዚህን አንድ በአንድ እንመለከታለን።

የበሩ ነገር

በመጀመሪያ በራሳችን ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። ሥራ በጀመርንበት ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ አንዲት እናት በር አዘዙን። በጥር ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ቤታቸውን ማደስ ፈልገው ነበር። እኛም ገንዘቡን ስላየን ቸኮልን። የባሕር ዛፉ ግንድ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጣውላው ከባድ ነው፤ መጋዙን እየያዘ ያስቸግራል። ቢሆንም አምስት ጣውላ ጎን ለጎን ገጥመን፣ በምስማር መትተን፣ በሩን አስረከብን። ያን ዕለት በሩ ያማረ ነበር፤ በጣውላዎቹ መሐል ወረቀት እንኳ አያስገባም።

ጥር ሲደርስ ሴትየዋ አስጠሩን። ሄደን ብናይ በጣውላዎቹ መሐል ጣት ይገባል። አንደኛው ጣውላ ተጣሞ ምስማሩን ነቅሎታል።

«ልጆቼ፣ በር ነው የሸጣችሁልኝ ወይስ ወንፊት?» አሉን።

«እማማ፣ እንጨቱ ነው እንዲህ ያደረገው» አልናቸው።

«እንጨቱን የመረጠው ማን ነው?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። በትንሽ ከተማ የሸጡት ዕቃ ከዓይን አይጠፋም። በየሰንበቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በዚያ በር ፊት እናልፋለን፤ ሌላውም ሰው ያልፋል፤ «ማን ሠራው?» ብሎም ይጠይቃል። በሩን በራሳችን ኪሳራ እንደገና ሠራንላቸው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለካ ለአናጢም ነው።

እንጨት ለምን ይጠባል? ለምንስ ይጣመማል?

እንጨት በቁመቱ የተዘረጉ ቀጫጭን ጅማቶች አሉት። እነዚህ ጅማቶች እንደ ሸምበቆ ውስጣቸው ባዶ ነው። ዛፉ በቁሙ ሳለ ውኃው በሁለት ቦታ ይገኛል፤ በጅማቶቹ ባዶ ቦታ ውስጥና በራሳቸው በጅማቶቹ ግድግዳ ውስጥ።

ዛፉ ሲቆረጥ አስቀድሞ የሚወጣው በባዶው ቦታ ያለው ውኃ ነው። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀላል እንጂ ብዙ አይጠብም። የቀረው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ ሲሆን በግድግዳው ውስጥ ያለው መውጣት ይጀምራል። እንጨቱ የሚኮማተረው ከዚያ በኋላ ነው። የዋህ አናጢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ጣውላው ስለቀለለ ብቻ የደረቀ ይመስለዋል፤ ዋናው መጥበብ ግን ገና አልተጀመረም።

እንጨት በቁመቱ እምብዛም አያጥርም። የሚጠበው በስፋቱ ነው። በስፋቱም ቢሆን በሁሉም በኩል እኩል አይጠብም። የዕድሜ ቀለበቱን ዙሪያ ተከትሎ የሚጠበው፣ ከግንዱ መሐል ወደ ልጡ አቅጣጫ ከሚጠበው ብዙውን ጊዜ እጥፍ ያህል ነው። እንጨት የሚጣመመው ስለዚህ ነው።

ነጭ ባሕር ዛፍ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊጠብ ይችላል። እንግዲህ እናስላ። አምስት ጣውላ ቢሆን በጠቅላላው አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይሆናል ማለት ነው። የዚያች እናት በር ወንፊት የሆነው በዚህ ሒሳብ ነበር።

እንጨትን እንዴት እናድርቅ?

ማድረቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ጥላ ነው የሚጠይቀው። በደጋው አገራችን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦

1ኛ. ጣውላውን በመሬት ላይ አናስቀምጥ። ድንጋይ ደርድረን ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እናድርገው። ይህም ከእርጥበትና ከምስጥ ያድነዋል።

2ኛ. በአንዱ ረድፍና በሌላው ረድፍ መካከል ውፍረታቸው እኩል የሆነ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ደረቅ መለያያ እንጨት በየ50 ሳንቲ ሜትሩ እናስገባ። መለያያዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ። መስመሩን ከሳቱ ጣውላው በመሐል ይጎብጣል።

3ኛ. ጎን ለጎን ባሉት ጣውላዎች መሐልም ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት እንተው።

4ኛ. የጣውላውን ሁለት ጫፎች ቀለም ወይም ሰም እንቀባቸው። ውኃ ከጫፍ በኩል ፈጥኖ ይወጣል፤ ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

5ኛ. ከላይ ቆርቆሮ እንጣልበት፤ በላዩም ድንጋይ እንጫን። ቆርቆሮው ከፀሐይና ከዝናብ ይከላከላል። ድንጋዩ የላይኞቹ ጣውላዎች እንዳይጣመሙ ይይዛል። ጎንና ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁን።

መድረቁን በምን እናውቃለን? በእጅ መዳሰስና አንኳኩቶ ማዳመጥ ልምድ ላለው ሰው ይረዳል። ከዚያ የሚሻለው ሚዛን ነው። ከክምሩ አንድ ጣውላ ምልክት አድርገን በየሁለት ሳምንቱ እንመዝነውና በደብተር እንጻፍ። ለምሳሌ መጀመሪያ 9 ኪሎ የነበረው 8 ኪሎ፣ ቀጥሎ 7 ኪሎ ተኩል፣ ከዚያም 7 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝኖ ያው 7 ኪሎ ከሆነ እንጨቱ ከአገሩ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። አሁን ለሥራ ደርሷል። ፊደልና ቁጥር ማወቅ ለአናጢ ምን ይጠቅማል ቢባል፣ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

«እስኪደርቅ ድረስ ምን እንብላ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ችግሩ ይገባናል። መላው ይህ ነው፦ ከገዛነው እንጨት ጥቂት ጥቂቱን እያስቀረን እንከምር። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የአምናውን እየሠራን የዘንድሮውን እንከምራለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የትኛው እንጨት ለምን ሥራ?

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የመጣውም ከአውስትራሊያ ነው። ጠንካራ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፤ በቀላሉ ይገኛል። ለአግዳሚ፣ ለጣሪያ ማገር፣ ለአልጋ እግር ይሆናል። በደንብ ካልደረቀ ግን ለበርና ለመስኮት አይታመንም።

የፈረንጅ ጥድ ለመላግ የቀለለ ነው፤ ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ግን ስለሚበዛበት ሲገዙ መምረጥ ያሻል። ግራቪሊያም ለቤት ዕቃ ይሆናል። ዋንዛ ለመሥራት ለስላሳ፣ ሲደርቅ ብዙም የማይጣመም፣ መልኩም ያማረ ነው፤ ከበሮም ከእሱ ይቦረቦራል። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ ተወዳዳሪ የለውም። የአገራችን ጥድ ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል።

ነገር ግን የአገር በቀል ዛፎቻችን ተመናምነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ለዚህ ነው። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ግንድ ሲቀርብልን ከየት እንደመጣ እንጠይቅ፤ ፈቃዱንም እንይ። በክረምት ሁለት ሦስት የዋንዛ ችግኝ በጓሮው የሚተክል አናጢ ለልጁ ሥራ ይተክላል።

ጠባብ ቤት፣ የተስተካከለ ቦታ

ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ክፍል ለአንድ አናጢ ከረዳት ጋር ትበቃለች። ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው።

የሥራ ጠረጴዛው ከባድና የማይነቃነቅ ይሁን። ከፍታው ቆመን እጃችንን ወደ ታች ስንዘረጋ ከእጅ አንጓችን ጋር እኩል ቢሆን ወገብ አያደክምም። ብርሃን እንዲያገኝ በመስኮቱ ሥር እናስቀምጠው። በተጨማሪም ጠረጴዛውን ከበሩ አንጻር እናድርገው። ረጅም ጣውላ ስንልግ ጫፉ በበሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዚህ ዓይነት አራት ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ አምስት ሜትር እንጨት መሥራት ይቻላል። ደጁ ለእኛ ተጨማሪ ክፍል ሆነልን ማለት ነው።

መሣሪያ ሁሉ በግድግዳ ላይ ቦታ ይኑረው። ቦታውን በእርሳስ ከበን ስሙን ብንጽፍበት የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። መዶሻ ፍለጋ ፍቅፋቂ ውስጥ የሚያንጎዳጉድ ሰው ከቀኑ ሰዓት እየሰረቀ ነው።

ለመጀመሪያ የሚበቁን መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው፦ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ጠባብና ሰፊ መሮ፣ መዶሻ፣ መሰርሰሪያ፣ ሞርሳ፣ ማዕዘን፣ ሜትር፣ ሞረድ፣ መሳያ ድንጋይና እርሳስ። ብዙ ርካሽ መሣሪያ ከመግዛት ጥቂት ደህና መሣሪያ መግዛት ይሻላል።

የደነዘ መሣሪያ ሌባ ነው

የደነዘ መሮ ጉልበት ይበላል፤ እንጨት ይቀዳል፤ አምልጦም እጅ ይቆርጣል። ሰው በስለት የሚቆረጥ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚቆርጠን በኃይል የምንገፋው ዱልዱም ነው።

መሮና የመላጊያ ምላጭ ሲሳሉ የተዳፋው ጎን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ይስማማል። ድንጋዩን በውኃ ወይም በዘይት እያራስን፣ ተዳፋቱን በሙሉ አስተኝተን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንሳል። በወዲያኛው ጎን በጣት ስንነካው ቀጭን ሽፍታ ሲሰማን ደርሷል። ከዚያ ምላጩን ገልብጠን ጠፍጣፋውን ጎን በድንጋዩ ላይ አስተኝተን ሽፍታውን እናስለቅቅ። ጠፍጣፋው ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቅር፤ እንዳይዳፋ።

መጋዝ በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ጥርስ በጥርስ ይሳላል። ጥርሶቹም አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ በጥቂቱ ዘንበል ይበሉ። ይህ ካልሆነ መጋዙ በቆረጠው ውስጥ ይታነቃል። ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሩብ ሰዓት ለመሳል ብንሰጥ ከሰዓት በኋላ ትርፉን እናየዋለን።

ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ

የተቆረጠ እንጨት አይቀጠልም። ስለዚህ ልኩን በቃል አንያዝ፤ እንጻፈው። ፊደል ያልቆጠረ አናጢ ልኩን በገመድ ቋጠሮ ይይዝ ነበር። ገመድ ደግሞ ሲርስና ሲደርቅ ይለዋወጣል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ፊደል የቆጠረ ባለሙያ ግን እርሳስና ደብተር አለው።

ማዕዘን ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከማዕዘኑ ተነሥተን በአንዱ ጎን 30፣ በሌላው ጎን 40 ሳንቲ ሜትር እንለካ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። የበርና የመስኮት ክፈፍ ሲሆን ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል እንለካ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ክፈፉ አልተንሻፈፈም።

ሁለት እንጨት ስናጋጥም በምስማር ብቻ አንመካ። ከአንዱ ጫፍ ምላስ እናውጣ፤ በሌላው ላይ ለምላሱ ልክ የሆነ ጉድጓድ በመሮ እንቦርቡር። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን። ከዚያ በኮላ እናጣብቀው።

ልክ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየን የንብ ቀፎ ነው። ጎጃም የማር አገር ስለሆነ ዘመናዊ ቀፎ ለአናጢ ጥሩ ገበያ ነው። ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 የደረሰበት ነገር አለ። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያ ይተዉታል። ክፍተቱ ከዚያ ሲሰፋ የማር እንጀራ ይሠሩበታል፤ ሲጠብ ይደፍኑታል። እንግዲህ በእርጥብ እንጨት የተሠራ ቀፎ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጠብ ንብ አርቢው ፍሬሙን ማውጣት ያቅተዋል። ንብ ደግሞ ይቅርታ አታውቅም።

ሒሳብ ካልተጻፈ ትርፍ አይታወቅም

አናጢ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የገዛ ራሱን ጉልበት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለትምህርት የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ለአንድ አግዳሚ ወንበር፦
ጣውላ — 320 ብር
ምስማርና ኮላ — 40 ብር
የብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ — 40 ብር
ለመሣሪያ ማርጀት — 20 ብር
ጠቅላላ ወጪ — 420 ብር

አግዳሚው በ700 ብር ቢሸጥ የሚቀረው 280 ብር ነው። «280 አተረፍኩ» እንዳንል። ሥራው ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ ስለዚህ የአንድ ቀን ድካማችን 140 ብር ነው። የቀን ሠራተኛ በቀን 250 ብር ቢያገኝ፣ እኛ በራሳችን ቤት ከቀን ሠራተኛ በታች ሆነናል።

መፍትሔው ዋጋ መጨመር ብቻ አይደለም። አራት አግዳሚ በአንድ ጊዜ እንሥራ። የአራቱን እግር አንድ ላይ እንቁረጥ፤ አንድ ላይ እንላግ፤ አንድ ላይ እናጣብቅ። መጋዝ ማንሣትና ማስቀመጥ፣ ልክ ደጋግሞ መያዝ ይቀራል። በዚህ ዘዴ አራቱ በአራት ቀን ቢያልቁ የሚቀረው 1,120 ብር፣ ለቀኑም 280 ብር ይሆናል። እንጨቱ ያው ነው፤ እጁም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ማሽን የመግዛትና የመበደር ነገርም ከዚህ ደብተር ይወጣል። ትእዛዙ ከእጃችን በላይ መሆኑን ደብተሩ ካሳየን ማሽን ይገዛ። ካላሳየን ግን ዕዳው በየወሩ ይመጣል፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቆማል።

ቁርጥራጭና ጤና

ቁርጥራጭ ሁሉ ማገዶ አይደለም። ከእሱ ማማሰያ፣ የመሣሪያ እጀታ፣ የበርጩማ እግር ይወጣል። በየመጠኑ ለይተን እናስቀምጠው። ሰጋቱራና ፍቅፋቂውን ግን ማታ ማታ ጠርገን እናውጣ፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ቤቱን ልታጋይ ትችላለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የቡና ከሰል አይቀመጥ፤ ሲጋራም አይጨስ።

የእንጨት ትቢያ ሳንባን ይጎዳል። ስናለሰልስ አፍና አፍንጫችንን እንሸፍን፤ በርና መስኮት እንክፈት። ስለት ያለው ነገር ሁሉ ከሕፃናት እጅ ይራቅ።

መደምደሚያ

በአገራችን የእጅ ባለሙያ ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ንቀቱ ከባድ ስለነበር ነው። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ አክብሮትን የሚያመጣው ግን የሥራው ጥራት ነው።

ያችን እናት ዛሬም በመንገድ እናገኛቸዋለን። ሁለተኛው በር ከደረቅ እንጨት የተሠራ ነው፤ እስካሁን ክፍተት የለውም። ሌላ ደንበኛ ሲልኩልን «ስንት ወር ደረቀ ብለህ ጠይቃቸው» ይሉታል አሉ። እኛም ደብተራችንን አውጥተን እናሳያለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ጣውላ ስለቀለለ ብቻ ደረቀ ማለት የማይቻለው ለምንድን ነው?
2. የጣውላ ጫፍ ለምን ቀለም ይቀባል?
3. አምስት ጣውላ እያንዳንዳቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢጠቡ ጠቅላላው ክፍተት ስንት ይሆናል?
4. የክፍላችሁን የበር ክፈፍ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል ለኩ። እኩል ነው? ካልሆነ ልዩነቱ ስንት ነው?
5. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ የእንጨት ዕቃ መርጣችሁ ወጪውን፣ የፈጀውን ቀንና የቀኑን ዋጋ በደብተራችሁ አስሉ።
6. እናንተ በአናጢዎቹ ቦታ ብትሆኑ በነሐሴ ወር በር ላዘዙት እናት ምን ትመልሱ ነበር? ተወያዩበት።